ከመኪናው ሥር

በኤል አልቶ አየሩ ስስ ነው፤
ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ድንች ግን በዋዛ አይበስልም።
ይህን ሕፃን ያውቀዋል።
እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ዳገት ሚኒባስ የነዳሁት፣
ሐሙስ ለት ተሳፋሪው ሲያጉረመርም፣ እንፋሎቱ ሲትጎለጎል፣
የራዲያተሩን ክዳን በባዶ እጄ ከፈትሁት።

አሁን እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ
እንደ ጨቅላ ደረቴ ላይ ተኝቷል።
እሑድ ነው። የተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጫለሁ።
ሴቬሪና ከመኪናዬ ሥር ናት፤
ድርብርብ ቀሚሷን ገመድ ላይ ሰቅላ፣
የልጃችንን የዊልማርን ቱታ አጥልቃ፣
የሚታየኝ የሱፍ ካልሲዋ ብቻ።

«መጀመሪያ የታችኛውን ፋሸታ!»
«እያየሁት ነው።»
«በሰፊው ካቻቪቴ፣ ቀጭኑ ይንሸራተታል!»
«እያየሁት ነው አልኩህ እኮ፣ ኤውሎሂዮ።»
ዝም አልሁ። እስከ አምስት ቆጠርሁ።
«ማኒኮቶውን አትጎትቺው፣ አዙሪው፣ እንደ ጠርሙስ ቡሽ...»
ፒንሳው ከሥር ተወርውሮ ወጣ።
ሣጥኔን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብሁ።

ውኃው ሳፋው ውስጥ ወረደ፣
ዝገት የጠጣ፣ ቀይ ሻይ የመሰለ፤
ቀጥሎ ነጭ ነገር፣ ቁርጥራጭ፣ እየተንሳፈፈ።
እንቁላል ነው።
የራሷ ዶሮዎች እንቁላል፣
ቀዳዳው ይደፈን ብዬ፣ በየሌሊቱ
አስኳሉን ለይቼ ነጩን ያፈሰስሁበት።
ቀስ በቀስ በእግሩ ሄዶ፣ ይኸው፣ ፊቷ ደረሰ።

ስንት ዓመት ዶሮዎቹን ከሰሰች!
አንዷንማ «መክናለች» ብላ ሾርባ አደረገቻት፤
እኔም በላሁ፣
አጥንቱን ሳይቀር፣ እያመሰገንሁ።

ተንፏቃ ወጣች። ጉንጯ ላይ የዘይት መስመር።
ነጩን ቁራጭ በሁለት ጣቷ ይዛ
ወደ ብርሃን አዞረችው። ቆየች።
እኔ የኢሊማኒን በረዶ አየሁ፣
ገና ዛሬ እንደ በቀለ ተራራ።
ምንም አላለችም።
ጣቷን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ተመልሳ ገባች።

አዲሱን ራዲያተር (አዲስ እንበለው፤
ዊልማር ጧት ከገበያ፣ ከብረት ክምር መሐል ነው የገዛው)
ልጁ በጉልበቱ ደግፎ ሲያነሳ፣
እሷ ብሎኖቹን በጣቷ አስገባች፤
በቁልፍ አይደለም፣ መጀመሪያ በጣት፣
እስኪነክሱ ድረስ።
ማንም አልነገራትም።
እኔ ይህን እስክማር የስንቱን ብሎን ጥርስ በልቻለሁ።

ውኃውን ቀስ ብላ ሞላች። አረፋው እስኪያልቅ ጠበቀች።
ሞተሩ ተነሳ፤ ሦስታችንም አጎንብሰን
ደረቁን ሲሚንቶ አየን፣ አየን።
ጠብ ያለ የለም።

አንድ ብሎን ተረፈ። መዳፌ ላይ አኖረችው።
«የየት ነው?» አለች።
የየት እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ሁለት እንቁላል ጠበሰች፤
ሁለቱንም ለዊልማር።
ለእኔ ድንች።
ልቡ ገና ጥሬ ነበር፤ በላሁት፣
በግራ እጄ፣ እያመሰገንሁ።