የቦርከና ልጆች

ነገሩ ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ በር፣
አባቴ ይመር አስፋው ዘብ የቆመ ነበር።
ማሽን ተካይ ፈረንጅ ኮንትራቱ አልቆ፣
ሊሳፈር ማለዳ ሻንጣውን አጥብቆ፣
ገመድ አስጨበጠው፤ በገመዱ ጫፍ ላይ
ጆሮዋ እንደ ጦር የቆመ ወደ ሰማይ
አንዲት ጀርመን ሸፐርድ፤ ደግሞም አንድ ወረቀት፣
ሰባት ቤት ተቆጥሮ ስም የተጻፈበት።
«እናቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ» ይላል፤
አባቴ ገልብጦ ጀርባውንም ያያል።
«የኔን ካያት በላይ የሚያውቅልኝ የለም፤
ውሻ ሰባት ቤት ቆጥራ! ጉድ እኮ ነው ዓለም።»

ስሟ አስትራ ነበር። ሰፈሩ አስቴር አላት፤
ጎረቤታችን አስቴር ነገሩ አልጣማት፤
«በስሜ ውሻ ጠሩ» ብላ ደጅ መጣች፣
ሽማግሌ ልካ ካሣ አስጠየቀች፤
በእርቁ ማግስት ውሻችን ቦርከና ተባለች።

እናቴ፣ ሰአዳ፣ ከበሯ መለሰቻት፤
«መላኢካ አይገባም ውሻ ካለበት ቤት፤
ምራቋ የነካውን ሰባት ጊዜ ማጠብ፣
አንዱንም በአፈር! ይሄ እንዴት ይታሰብ?»
ጓሮ ጫፍ ተሠራ የቆርቆሮ ማደሪያ፤
ሳህኗ ለብቻ፣ ለብቻ መጥረጊያ።

ባል ፍለጋ መንገድ አባቴ ሲወጣ፣
አውቶቡሱ «ውሻ አንጭንም» ብሎ ተቆጣ፤
በሽንኩርት ኢሱዙ፣ ከጆንያው አናት፣
ጣርማ በርን አለፈ በካፖርቱ አቅፏት።
ለአንድ ማለዳ ሠርግ ሦስት ሺህ ብር ሄደ፤
ሰፈር ሲስቅ ከረመ፣ «ይመርማ አበደ»።

ስልሳ ሦስተኛው ሌሊት፣ ዝናቡ ሲያወርደው፣
አባቴ ተረኛ፤ ማን አለ የሚያዋልደው?
እኔ ባትሪ ያዝኩ።
እናቴ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰቅላ፣
«ቢስሚላህ» አለችና፣ ከስር በርከክ ብላ፣
ስድስት ተቀበለች በሻሿ ጠቅልላ።
ጎህ ሲቀድ እጇን ታጠበች፤ ቆጠርኩላት፤
ስድስቴ በውሃ፣ አንዴ በአፈር፤ ሰባት።

አባቴ አመጣ የተረኛ መዝገብ፣
«ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት» የሚነበብ፤
መግቢያው ልደት ሆነ፣ መውጫው ሞት ወይ ሽያጭ፤
ማታ ይጽፈዋል ከደጃፍ ብሎ ቁጭ።
ስማቸውን ሁሉ ካገር ቆረሰና፣
ጦሳ የቦርከና፤
ጌራዶ የጦሳ፤
ጨፋ የጌራዶ፣ ሚሌ የጨፋ፤ እያለ ሲያነሳ፣
ተረት ነበር ለኛ፣ እንቅልፍ የሚያስረሳ።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ የሄድን ለት
ጸሐፊው ጠየቀ፤ «ብሔር? ዘር? በአባት?»
አባቴ ተከዘ። «አስፋው የሁሴን ልጅ፣ ሁሴን የገብረየስ፤
ከዚያ ወዲያ እንጃልኝ፤ መቃብር ልመስ?
የውሻዬን ከሆነ ሰባት ቤት ላድርስ።»
ጸሐፊው አልሳቀም፤ ሞላው በአንድ ቃል፤
ያ ቃል እስከ ዛሬ ኪሴን ይኮሰኩሳል።

የውሻ ውድድር ተብሎ አዲሳባ ሄድን፤
ሌላው በመኪናው፣ እኛ ከኢሱዙ ወረድን።
ሚሌን ይዤ ሮጥኩኝ በተውሶ ጫማ፤
እናቴ ዳር ቆማ ዱአዋ ሲሰማ።
ዳኛው ጥርሷን ቆጥሮ ጀርባዋን ዳሰሰ፤
እግሯን አስረገጠ፣ ጆሮዋን ዳበሰ፤
«ከየት?» «ከኮምቦልቻ!» ፈገግታ ቆረሰ።
ሦስተኛ ወጣንና ቢጫ ሪባን ሰጡን፤
ፀሐይ በልታ ጨረሰች ከበር የሰቀልነውን።

ዘንድሮ በክረምት ጎርፍ አጥሩን ናደው፤
ከመናኸሪያ ውሾች የገባውን ማን ያየው?
ሚሌ አንዲት ወለደች፣ ቡራቡሬ ቀለም፤
አባቴ መዝገቡን ገለጠ፤ አልጻፈም።
ሦስት ቀን ክፍት ዋለ።
በአራተኛው ጠዋት
መዝገቡን ነክታ የማታውቅ እናት፣
በጠማማ ፊደል፣ በኔው እስክሪብቶ፦
«እናት» ከሚለው ስር፣ «ሚሌ»።
«አባት» ከሚለው ስር፣ «አላህ ያውቃል»።
ከሱ ዝቅ ብሎ አባቴ ጨምሯል፦
«አንድ ጆሮዋ ብቻ ቆሟል።
አትሸጥም።»