ለጉቶ ዓምድ የለም

ሜትሩን ባንገቴ፣ ቅጹን በክንዴ ሥር፣
እርሳስ በጆሮዬ ሰክቼ ስዞር፣
ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ በሶዶሬ መንገድ፣
አስፋልቱን ትቼ በአቧራው ስሄድ፣
እማማ ዲንቂቱን ማሳ አገኘኋቸው፤
ጤፍ ያጭዱ ነበር፣ ገለባ ጸጉራቸው።

«ዛፍዎ ስንት ነው?» ብዬ ጀመርኩ ገና፣
«ለምኑ?» አሉኝ፣ ከነዶው ቀና አሉና፤
«ለጥላ? ለሞፈር? ለሠርግ? ለለቅሶ?
ወይስ ለማገር ነው፣ ቤት ሲሠራ ፈርሶ?»

ደንቡ በደረት ነው፣ ሜትር ከሠላሳ፤
ግንዱን ሳቅፍ አገኘሁ የመጥረቢያ ጠባሳ።
«ይህ ገርቢ ይባላል፣ ግትር፣ ግራ-ገብ ዛፍ፤
አገር በክረምት ሲለብስ እሱ የሚያራግፍ፣
በበጋ ሁሉ ሲደርቅ ብቻውን ተርፎ፣
ፍየሌን ይቀልባል ፍሬውን አርግፎ።
ጤፌ ከእግሩ ሥር ነው፣ ከሌላው ይረዝማል፤
እሱ እርቃኑን ቆሞ ፀሐይ ያሳልፋል።
ሟች ባሌም እንዲህ ነው፤ ድግስ ላይ አይገኝም፤
ቀን የጎደለ ለት ከደጅ አይታጣም።»

ጻፍኩኝ፦ ገርቢ ሰባት። ዋንዛ አንድ። ግራር ዘጠኝ።
በደኖ ሁለት አሉ፤ እሾሁ ልብሴን ያዘኝ።
ብሳና ሦስት ከጓሮ፣ አንድ ቁርቁራ ከድንበር፣
ከጎረቤት ቱፋ ሲያጣላ የነበር፤
ፍሬው ወዲያ ወድቆ፣ ሥሩ ወዲህ ሆኖ፣
«ለልጆች ይሁን!» ሲል ሽማግሌ ወስኖ።

«በጥር እመለምላለሁ፤ ሁሉን ግን አልነካም፤
ሦስት ክንድ እተዋለሁ፤ ዛፍ ያለ እጅ አይቆምም።
ለምድጃ አንዱን ክንድ፣ ለአጥር እሾሁን፣
ለላይኛው አስቀራለሁ የወፍ ጎጆውን።»

ልጃቸው ጉተማ ከከተማ መጥቶ፣
«ባሕር ዛፍ ብቻ!» ይላል፣ ዋጋውን አስልቶ፤
«አንድ ዓይነት፣ በመስመር፣ በአምስት ዓመት አጣና!»
«ሰልፍ ነው ልጄ፣ ሰልፍ፤ ማሳ አይሆንምና።»

ቢፍቱ የልጅ ልጃቸው ጋራውን ጠቁማ፣
«እነዚያንስ ነጮቹን?» አለች ተገርማ፤
ሦስት ክንድ ያላቸው፣ ነፋስ ሲያዞራቸው፣
«ቅጠል መቼ አወጡ? ማን መለመላቸው?»

ቆጥሬ ስጨርስ ሃያ ሦስት ሞላ፤
ዓይነቱ ስድስት ነው። ልሄድ ስል በኋላ፣
«አንድ ቀርቶሃል» ብለው ወሰዱኝ ከጓሮ፤
የዋንዛ ጉቶ ነው፣ በዝናብ ጠቁሮ።

«ሆስፒታል ስንከርም፣ ባሌ አልጋ ይዞ፣
በአንድ ሌሊት ሄደ በአይሱዙ ተጉዞ።
አልጋ ከፈለልን፣ ገዛልን መርፌውን፤
ግን አልመለሰልን ጥላውን፣ ሰውየውን።»

ቅጹን አገላበጥኩ፤ ቁመት አለ፣ ውፍረት፣
ዓይነት፣ አገልግሎት፣ የተተከለበት ዓመት።

ለጉቶ ዓምድ የለም።

ከጎኑ ግን ወጥቷል አንድ ቀንበጥ እንደ ጣት፣
የበደኖ እሾህ አጥረው ከፍየል ያዳኑት፤
ዕቃ የታጠበበት ይፈስለታል ውኃ፣
የካቲት ሲቃጠል፣ አገሩ በረሃ።

ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ጉልበቴም አይደርስም።
«ደንቡ በደረት ነው፤ ይኼ አይቆጠርም»
አልኳቸው።
ቢፍቱን አቆሙና፣ ራሷን ነካ ነካ፣
«ያንተ ደረት ሩቅ ነው፤ በሷ ደረት ለካ።»

ተንበርክኬ ለካሁ፣ ሜትሩን ጠቅልዬው፤
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ «ዋንዛ፤ አራት ጣት ቀረው።»