የማላኪ ገንዳ

ዳግላስ ትባላለች፥ መንደሯ ትንሽ ናት፣
ቦንሸር የሚሉት ወንዝ በጎን ያለፈላት።
በያጅ ነኝ፤ ተጠራሁ ለተሰበረ በር፣
በረዶ ለገፋው፥ ማጠፊያው ለማይዞር።

ኦኖራ ሄፈርናን፥ ሰማንያ ያለፋት፣
የሟች ባሏ ካፖርት እስከ ጉልበት ወርዶባት፣
"ና" አለች፤ ቁልፍ ይዛ ወደ ጓሮ መራችኝ፣
"ያያቴ ነበረ" ብላ ከፈተችልኝ።

ወናፉ ደርቆ ደርቆ፥ ቆዳው ተሰንጥቆ፣
ጉጠቱ ግድግዳ ላይ በዝገት ተጣብቆ፣
መስፉ ብቻ ግንዱ ላይ
እንደ ጠገበ በሬ ዓለሙን ሁሉ ንቆ።

"ጥቅምት አጋማሽ ላይ" አለች፥ "ደጁ ይሞላል፣
ግንድ ጎታች ፈረስ እስከ መንገድ ይሰለፋል፤
ማላኪ አንዱን ኮቴ ጭኖቹ መሃል ይዞ፣
ስድስት ምስማር ባፉ፥ ዓይኑ በጭስ ፈዞ፣
'ቁም!' ይለው ነበረ ባባቶቹ ቋንቋ፤
እዚሁ የተወለደ ፈረስ ሰምቶ ይቆማል በቃ።

ገንዳውን አየኸው? ብረት ሲነክርበት፣
ይጮኻል ውሃው፥ ጅራቷን እንደረገጧት ድመት።
መድኃኒት ነው ያ ውሃ፤ እናቶች ጠርሙስ ይዘው
ለልጆቻቸው ችፌ፥ በበረዶ ተጉዘው...
ቄሱ እንኳ ለጉልበታቸው፥ በጓሮ በር፥ በድብቅ፣
ሰው ልከው..." አለችና ሳቀች እስክትወድቅ።

እኔ አልሳቅሁም።
የኔም አያት ቀጥቃጭ ነበር፥ ደንቢያ፥ ከሐይቁ በላይ።
እናቶች እሱ ሲያልፍ
ልጅ ይደብቁ ነበር፥ ዓይኑ እንዳያርፍ ገላው ላይ።
በሠራው ማረሻ አርሰው፥ በሳለው ማጭድ አጭደው፣
ቀን "ጌታዬ፥ ቶሎ አድርስልኝ" ብለው ለምነው፣
ማታ ጅብ ሲጮህ "ያ ቀጥቃጩ ነው" አሉ፥ በር ዘግተው።

ብረት እንደ ጋለ ነው፤ ነገርም እንዲሁ፤
በተሰበረው እንግሊዝኛዬ ለኦኖራ ነገርሁ።
ዝም አለች። ካፖርቷን ወደ ደረቷ ሳበች፣
"የኛንስ ያልፈሩት መስሎሃል?" አለች።
"መስፉን ወደ ግራ ሦስቴ ካዞረ
የረገመው ሰው ዓመት አይደፍንም ነበረ።
ማላኪ ዱቤ ሳይቀርበት የሞተው ለዚህ ነው።"

ማጠፊያውን ጨረስሁ። ገና ፍም እንደ መሰለ
"እዚህ!" አለች። ገንዳው ውስጥ የቀለጠ በረዶ አለ።
ነከርሁት። ጮኸ ውሃው።
ኦኖራ ጓንቷን አወለቀች፣
የተጣመሙ ጣቶቿን እስካንጓዋ ነከረች፣
ሒሳቤንም እዚያው፥
ሳልጠይቅ፥
ቆጥራ ከፈለች።

መኪናዬን አስነሥቼ ተመለስሁ፥ መዶሻ ረስቼ።
ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ሰው የለም።
ጓንቴን አወለቅሁ።