ሁለት ሁለት እየዘለለ

ጥር ነው፣ ሃቺኖሄ፤ በረዶው ከደጄ እስከ ጉልበት ቆሟል፤
ከባቡር ጣቢያው ፊት፣ ከዓሣ ሱቁ ጎን፣ አምፖሌ ይነዳል።
ሽማግሌው ገባ፣ ሺጌዞ፤ ኮፍያውን አራግፎ፣
ሰዓቱን አኖረ ከጠረጴዛዬ ላይ፣ በመሐረብ አቅፎ።
«ኪኑዬ፣ ታሞብኛል፤ ሰኮንድ ቆጣሪው አንድ አንድ መራመዱን ትቶ፣
ሁለት ሁለት ይዘላል፤ እንደ ሰከረ ሰው ደረጃውን ስቶ።
ሚስቴ ሱኤ ናት የገዛችው፤ ከዓሣ ማድረቂያው ደሞዟ በየወሩ ቆርጣ፣
ለባቡር ሰው ሰዓት ያለ ቁልፍ ይሁን ብላ፣ ውድ ውዱን መርጣ።»

አልሰከረም አልኩት። ዝላዩ ቋንቋ ነው፤
«ራበኝ» ማለቱ ነው።

በዚህ ዓይነት ሰዓት ሆድ ውስጥ አንዲት ግማሽ ጨረቃ አለች፤
ባለቤቱ እጁን ባወዛወዘ ቁጥር እሷም ትዞራለች፤
ዙረቷ ብልጭታ ይወልዳል፤ ብልጭታው ይለቀማል፣
ምስር በምታህል ጎተራ ውስጥ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።
ከግድግዳ አይጠባ፣ የሚያጠብቀው ጣት አይሻ፤
የሰው ወዝ ነው ቀለቡ።
ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ግን ጎተራውም ያረጃል፤
የገባለትን እህል ሳያሳድር ያፈስሳል።

አራት ብሎን ፈታሁ። ትንፋሼን ቋጠርኩ።
በወረንጦ ጫፍ ጨረቃዋን አንስቼ በክዳን አስቀመጥኩ።
የአሮጌው ጎተራ ጠርዝ ነጭ ጨው አብቅሏል፤
በቦታው አዲስ የሊትየም ባትሪ ገባ፤ ልክ ሆኗል።
ጎሚኒውን ለወጥኩ፤ ዘጋሁት፤
ከዚያ በመዳፌ ይዤ አየሩን አራገብኩበት፣
መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ፤
ትከሻዬ ዛለ፤ ሳቀብኝ የዓሣ ሻጩ ልጅ፣ በበሩ አንገቱን አስገብቶ።
ቆጣሪው አንድ አለ። አንድ። አንድ።
ሺጌዞ ከፈለ፣ እጅ ነሳ፣ ሄደ በበረዶው መንገድ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። «ቆመ።»
የአርባ ዓመት ሙያዬ እንደ ጥርስ ታመመ።
ከፈትኩት። ለካሁት። ባትሪው ጤነኛ፣ ሽቦው ጤነኛ፣
ጨረቃዋም እፍ ቢሏት የምትዞር፤ ምን ሆና ነው የምትተኛ?

ያን ጊዜ ቀና አልኩ፤
ሰዓቱን ትቼ ሰውየውን አየሁ።
ግራ እጁን በቀኙ አነሳው፤ እንደ ተኛ ሕፃን
ከጠረጴዛዬ ጠርዝ አጋደመው፤ ቀስ አድርጎ፣ እንዳይነቃ።
ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም።
አንጓው ላይ ማሰሪያው የተወው ነጭ መስመር ብቻ።

ይህ እጅ በዚህ ጣቢያ፣ ሠላሳ አንድ ክረምት፣
በመጨረሻው ባቡር፣ በውርጩ ሌሊት፣
አረንጓዴ ፋኖስ ሲያወዛውዝ አውቀዋለሁ፤
ከአልጋዬ ሆኜ ብርሃኑን በመጋረጃዬ ላይ አይቻለሁ።
ለካ ያን ሁሉ ባቡር ሲሸኝ ሰዓቱንም ያበላ ኖሯል፤
በመስከረም ግን ደሙ ጭንቅላቱ ውስጥ መንገድ ስቷል፤
ግራ ጎኑ ቀዝቅዟል። ለእኔ አልነገረኝም፤
ለማንም የተናገረ አይመስለኝም።

እኔም ምንም አላልኩ። ካቻቢቴዬን መሳቢያ ከተትኩ፤
ቀኝ እጁን ያዝኩና ሰዓቱን አሰርኩ።
«ይሄ የፊሽካ እጅ ነው» አለኝ፤ «ሰዓት መሸከም አያውቅም።»
«ይማራላ» አልኩት፤ «ቀኝ ዓይኔ ሲደክም በግራዬ መሥራት ጀመርኩ፤ አልሞትኩም።»
ሳቀ፤ ወይም አልሳቀም፤
የሚታዘዘው ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው፤ ለየሁ አልልም።

ሲመሽ በመስኮቴ አየሁት፣ ከመድረኩ ጫፍ ቆሞ፤
የመጨረሻው ባቡር ሲወጣ ባዶ ቀኝ እጁን አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፣
አወዛወዘ። ባቡሩን ይሸኝ፣ ሰዓቱን ያብላ፣ አላወቅኩም።
መዝገቤን ገለጥኩ። «ባትሪ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት፤
«እጅ ተቀየረ» ብዬ ጻፍኩ፤ የዋጋውን ቦታ
እንዲሁ ባዶውን ተውኩት።