የሚንተባተበው ዘንዶ

በሰኔ ፑንታ አሬናስ ቀኑ ሳይነጋ ይመሻል፤
ነፋሱ ሲነሣ እንኳን ሰው፣ የታሰረ ውሻ ይሸሻል።
ማዘጋጃ ቤቱ ባደባባይ ገመድ ይወጥራል፣
ዳቦ ቤት የሚሄድ ሁሉ ያን ጨብጦ ይሻገራል።

አንድ ማታ ሚሌንካ በገመዱ ተጎትታ፣
ኮምፒውተሯን በብርድ ልብስ አዝላ፣ በሬን በእግሯ መትታ፣
ገባች።

«ዶን ሬሚሂዮ፣» አለች፣ «ዘንዶዬ ይንተባተባል፤
እሳት ሊተፋ አፉን ከፍቶ፣ ቃል እንደ ረሳ ሰው ያስባል፤
ድምፁ ተ-ተ-ተ ይላል፣ ምስሉ ይቆማል ደርቆ፣
ሲመለስ ጠላት ሄዷል፣ አንገቴን ቆርጦ፣ ስቆ።»
«ይንተባተባል» ብላ ቀና ስትል አየችኝና ደነገጠች፤
ቃሉን ከአየር ላይ ለቅማ ልትመልሰው ፈለገች።

ከተማው ሁሉ ያውቃል፦ «እ-እንደምን ዋልህ» ለማለት
ለእኔ ግማሽ ደቂቃ ነው፣ ለሌላው አንድ ቅጽበት።
ሰዉ ቸር ነው፤ አፌ ሲያዝ ቃሌን ይጨርስልኛል፣
ሻይ ልል ስል ሻማ ሰጥቶ በደግነት ይሸኘኛል።

«ግ-ግድ የለም» አልኳትና ብሎን ፈታሁ አንድ በአንድ፤
በገዛ ክብደቱ ዘሟል የደከመው ግራፊክስ ካርድ፤
ማራገቢያው ላይ ተጋግሯል አቧራና የድመት ጠጉር፣
ነፍቼ አራገፍሁለት፣ አየር እንዲያገኝ ከሥር።
የደረቀ ቅባቱን ፍቄ አዲስ ቅባት ቀባሁት፣
በእርሳስ ቁራጭ ደግፌ አንገቱን አቃናሁት፤
ድራይቨሩን ከነሥሩ ነቀልሁት እንደ አረም፣
አዲሱን ጫንሁ፤ አልጣመኝም፤ የአምናውን መለስሁ ደግሞም።
ጥላውን ከ«እጅግ ከፍተኛ» ወደ «መካከለኛ» አወረድሁ፣
ሙቀቱን አየሁ፦ ስድሳ አንድ። ሻይ አፈላሁ። ጠበቅሁ።

ዘንዶው በረረ። ሱቄ ውስጥ ምላሱ አልታሰረ፤
ሦስት ከተማ አቃጥሎ ወደ አራተኛው ዞረ።
ቤቷ ወሰደችው። ማግስቱን ደወለች፦ «ደረቀ።»
መልሳ አመጣችው፤ ደጃፌን ሲረግጥ ታረቀ።
ሦስቴ እንዲህ ሆነ።

ለካ ማሽንም ጨዋ ነው፣ እንግዳ ፊት ይታረማል፤
ሕመሙን እስኪያወጣ የቤቱን ጣራ ይፈልጋል።
እኔ ተቃራኒው ነኝ፤ ብቻዬን፣ ከዕቃዬ ጋር፣
አንደበቴ ይፈታል፣ እንደ ጠበቃ ስናገር።

በአራተኛው ማታ ገመዱን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ፤
ከሚሌንካ ጎን ተቀምጬ ምንም ሳልነካ አደመጥሁ።
አባቷ ቶሚስላቭ፣ ሸርጣን አጥማጁ፣ በር ላይ ቆሞ ያዛል፦
«አሮጌ ካርድ ነው፣ ጣሉት! ይሄ ሰው ምን ይፈዛል?»
ዝም አልሁ። ይህን ሥራ የተማርሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤
ለተያዘ ነገር ሁሉ ከመጠበቅ ሌላ ምን መፍቻ አለው?

ድንገት ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር አጉረመረመ፣
አምፖሉ ዓይኑን ጠቀሰ፤ ዘንዶው አየር ላይ ቆመ፤
እሳቱ ጥርሱ ሥር ቀርቶ፣ ክንፉ በግማሽ ተዘርግቶ።
ቆጠርሁ። አራት ሰከንድ። ለቀቀው።
ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ፦ ጉርምርምታ፣ ጥቅሻ፣ ድርቅ።
ጣቴን ወደ ጓዳው ቀሰርሁ፤ በጣት መናገር አያስጨንቅ።

የቶሚስላቭ ፍሪዘር ነው፣ ሸርጣን እስከ አፉ የሞላበት፣
ከኮምፒውተሩ ጋር መንታ ሆኖ የሚጠባ ካንዲት ቀጭን ሽቦ ጡት።
ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ጉልበቱን ሁሉ ይስባል፣
ካርዱ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዘንዶውም ይንተባተባል።

አዲስ መስመር ዘረጋሁ፣ ለብቻው፣ ከቆጣሪው ጀምሬ፣
እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እንደ ሸርጣን በጎን ዳክሬ።
ፍሪዘሩ ሲያጉረመርም ዘንዶው ዞር ብሎም አላየው፤
ሚሌንካ አራተኛውን ከተማ በሳቅ አነደደችው።

«ስንት ልክፈል?» አለ አባቷ። አፌን ከፈትሁ፦ «ሸ... ሸ...»
«ሺህ? ሃያ ሺህ? ሠላሳ ሺህ?» እጁ ወደ ኪሱ ሸሸ።
«ተወው አባዬ፣ ይጨርስ» አለች፣ ዓይኗን ከዘንዶው ሳታነሣ፤
ቤቱ ሁሉ ጠበቀኝ፣ አንድም ሰው ቃል ሳያነሣ።
«ሸ... ሸርጣን» አልሁ። «አ-አንድ።»

ወረድሁ፣ ገመዱን በግራ እጄ፣ በቀኝ ብብቴ ሸርጣኔን፣
ነፋሱ ከሰርጡ መጥቶ ሲደበድበኝ ጎኔን፤
በረዶ የያዘው እግሩ አየር ላይ ቀጥ እንዳለ፣
አንድ ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ የቀረ መሰለ።
ውኃ ጣድሁና አልሁት፣ ብቻዬን ነኝና ሳይዘኝ፦
«አትቸኩል፣ ሌሊቱ የእኛ ነው፤ ቀስ ብለህ ንገረኝ።»