ከመደበኛ በላይ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ፤
ዝናብ መስፈር ነው ሥራዬ፣ ከመንግሥት ጋር ውሌ።
የሽቦ አጥሩን ከፍቼ፣ ሣሩን በቦቲ ረግጬ፣
የሌሊቱን ውሃ ከጣሳው ወደ ብርጭቆው ገልብጬ፣
ዓይኔን ከውሃው አስተካክዬ መስመሩን አነባለሁ፤
ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት። እርሳሴን እልሳለሁ።

ቁጥር ድምፅ የለውም፣ ቁጥር አይሸትም ጭቃ፤
ደሴ ግን ሌሊቱን በሙሉ ጣሪያዋ ሲወቃ፣
ከጦሳ የወረደው፣ ከአዝዋ ገደል የተናደው፣
በየቦዩ የታጨቀውን ፌስታል ጠርጎ የወሰደው፣
ሁሉም ቦርከና ሆኗል፤ ሁሉም ቁልቁል ይሄዳል፤
ከድልድያችን ስር ገብቶ ድንጋይ እንደ በግ ይነዳል።
ከዚያ ሀርቡን አልፎ፣ ሜዳ ሲያገኝ ይደክማል፤
ጨፋ ላይ ሳይጠራ ገብቶ ከሰው መደብ ይጋደማል።

ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦
«ለሚመለከተው ሁሉ፤
ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ ያመዝናል፤
በወንዝ ዳር ሜዳዎች ላይ ሙላት ይጠበቃል።»
ይጠበቃል፤ እንደ ሙሽራ፣ እንደ ደመወዝ፣ እንደ እንግዳ!
ማን ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል ጎርፍን ከዚያ ሜዳ?

ለጋሽ ኑርዬ ደወልኩ። ማሾው ከወንዙ አፍ ነው፤
ከብቱ አሥራ አንድ፣ የአንዷ ላም መውለጃዋ ዛሬ ነው።
እሱ የራሱ ምልክት አለው፦ ጉንዳን ዛፍ ላይ ሲሰደድ፣
ወንዙ ድምፁን ሲያጠፋ፣ ዝምታ ከላይ ሲወርድ።
ዘንድሮ ግን ጉንዳኑም ግራ ገብቶታል ይላል፤
ክረምቱ እንደ ጎረምሳ በፈለገው ሰዓት ይገባል።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ዛሬ ማታ ዕድሉ ሰባ በመቶ...»
«ተይ ሉባባ፣» አለኝ፣ ድምፁ በነፋስ ተመቶ፣
«ላሜ ሰባ በመቶ አትሰምጥም። ወይ አለች ወይ የለችም።
ይመጣል በይኝ ወይ አይመጣም። ሌላ ቋንቋ አይገባኝም።»

አምና «ይመጣል» ብዬው ነበር። ከብቱን ነድቶ ወጣ፤
ሦስት ሌሊት ከዳገቱ ሸራ ስር አደረ፣ ጎርፉም ሳይመጣ።
እዚያው ጅብ አንድ ወይፈኑን በላበት፤ በደረቁ።
እሱ ወር ሙሉ ዝም አለ። ጎረቤቶቹ ሳቁ።
በወሩ ደወለና፣ «አልተቀየምኩሽም፣» አለኝ፣
«ግን አንድ ነገር ሌት ተቀን ከነከነኝ፤
የእኔ ዱዓ አንድ ነው፣ እንዳይመጣ፤
አንቺ ግን እውነተኛ የምትባይው ሲመጣ።»

አንጀቴ ድረስ ገባ። ምክንያቱም አንድ ክረምት፣
ትንበያዬ ሰምሮልኝ፣ ሜዳው ባሕር ሆኖ ሳለ፣
በቢሮዬ መስታወት ላይ ፊቴን አየሁት፤ ፈገግ ያለ።
ማንም አላየኝም። እኔ ግን አይቻለሁ፤
ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሲጨልም ፊቴን አዞራለሁ።

ዛሬ ካርታውን አጥፌ፣ መቶኛውን ወዲያ ትቼ፣
በደሴ በኩል የጠቆረውን በዓይኔ ተመልክቼ፣
«ይመጣል፣» አልኩት። «ላሟን አስቀድመህ ፍታ፤
ካልመጣ ውሸታም በለኝ፣ በገበያ መሃል፣ ጠዋት ማታ።
ውሸታም እንድሆን ዱዓ አድርግ፤ እኔም አሚን እላለሁ።»
ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ ላም እምቧ ስትል ሰማሁ።
ኔትወርኩ ሄደ። ሌሊቱን ጣሪያዬን ብቻ ሰማሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት። አጥሩ፣ ቦቲው፣ ጣሳው፣ መስመሩ።
ስድሳ አንድ ነጥብ አራት።
የጋሽ ኑርዬ ስልክ ጥሪ አይቀበልም፤ ዝግ ነው ከነቁጥሩ።
ብርጭቆውን ዘቅዝቄ ውሃውን ሣሩ ላይ ደፋሁ፤
ትንሽ ቆሞ፣ መንገድ ፈልጎ፣
ቁልቁል ሲሄድ አየሁ።