ከዚያስ?

ትራም ቁጥር አራት ባለፈ ባለፈ ቁጥር
መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ፣ ጠመኔ የሚያራግፍ ክፍል ነበር፤
ቶሪኖ፣ ከዶራ ወንዝ ማዶ፤ «ሁለተኛ ለ» ይሉታል፤
ሃያ ሦስት ልጅ እንደያዘ ጧት ጧት ጉም ይውጠዋል።

እኔ ነኝ አስተማሪው፣ ባለ ቀይ እስክሪብቶ፤
አንዲት ነጥብ ስትጎድል ጠላት እንዳየ ተቆጥቶ።
ድርሰት ያመጡልኛል፤ አርማለሁ፤ እመልሳለሁ፤
ከታች ያለችውን ቁጥር አይተው ቦርሳቸው ሲከቱት አያለሁ።
ስድስት። አምስት። ሰባት ተኩል።
አንባቢው አንድ ሰው ነው፤ ስሕተት ያድናል እንጂ ታሪክ አይከተል።

ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ አላቋርጥ ያለ ሰሞን፣
አረንጓዴ ደብተር ገዛሁ። «ማንም ይጻፍ የፈለገውን፤
መስኮቱ ደፍ ላይ ይደር፤ አንብቡ፣ በኅዳጉ መልሱ፤
ቀዩ እስክሪብቶ እዚህ አይገባም፤ ኪሴ ውስጥ ይተኛ እሱ።»

መጀመሪያ ቀልድ ብቻ፦ ታዴዮ የሳለው የኔ ጢም፣
የምሳ ቤቱ ፓስታ ከሙጫ ሲወዳደር፣ የዶሪና ድመት ስም።
ኢሊር ግን ዝም። ከመጣ ዓመት ከመንፈቁ፤
የጃኬቱ ዚፕ ነው የሚመልስለት፣ መምህራን ሲጠይቁ።
እሱ ነው አንድ ዓርብ፣ ከሁሉ ኋላ ቀርቶ፣
ሦስት መስመር ያስቀመጠ፣ ፊደል አጣሞ፣ ቃል ስቶ፦

«አባቴ ሌሊት ትራም ያጥባል።
ጧት ሲመጣ እጁ ሳሙና ይሸታል፤ እኔ ስነሳ እሱ ይተኛል።
አልጋውን አሙቄ እተውለታለሁ። ሰላምታችን ይሄ ነው።»

እጄ ወደ ኪሴ ሄደች። ሰባት ስሕተት ቆጠርኩ፤
አልዋሽም፣ ልማድ ነው። ቃሌ ትዝ አለኝ፤ ከደንኩ፤ መብራት አጥፍቼ ሄድኩ።

ሰኞ ስንከፍተው፣ ከኢሊር መስመሮች ሥር፣
በእርሳስ፣ በዝግታ የተጻፈች ቃል፤ ሌላ የለ ነገር፦
«ከዚያስ?»

ማን ጻፋት? ዶሪና ማለች፤ ታዴዮ ማለ፤ እኔም ማልኩ፤
የሃያ ሦስቱን እጅ ጽሑፍ አነጻጸርኩ፤ ማንንም አልያዝኩ።
ኢሊር ግን አልጠየቀም። ተቀመጠ። ዚፑን ለቀቀ።
ከዚያ ያለውን ጻፈ፤ ገጽ ሞላ፤ ደወሉ ሲጮህ ናቀ።

በየሰኞው መጣች። ከታዴዮ ቀልድ ሥር፦ «ከዚያስ?»
ከድመቷ ሞት ሥር፦ «ከዚያስ?» ያኔ ዶሪና ስታለቅስ
ኢሊር በኅዳጉ፦ «የት ቀበርሻት? የኔም ውሻ ቲራና ቀረ።»
ደብተሩ ወፈረ፤ ዘይት ነካው፤ ኅዳጉ ከገጹ በለጠ፣ አማረ።

በልጅነቴ ማታ ማታ «ተረት ተረት» ሲባል፣
«የመሠረት» የሚል ከሌለ ተረቱ ደጅ ያድራል።
በቀይ ቀለም ስንቱን ልጅ ደጅ አሳድሬ ይሆን?

አንድ ምሽት ጃንጥላ ረስቼ ተመለስኩ።
ኮሪደሩ እርጥብ ነው፤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ወደ መብራቱ ቀረብኩ።
ኖርማ ናት፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፤ መወልወያው ግድግዳ ተደግፎ፣
መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ አንዱ ጓንቷ ተገፎ፣
በጣቷ መስመር ተከትላ ታነባለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤
ጸሎት አይደለም፤ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ነው፤ ይዘገያል፣ ይመለሳል።
ጃንጥላዬን ሳልወስድ ዝናብ ውስጥ ወጣሁ።

በሳምንቱ፣ አዲስ ገጽ ላይ፣ በዚያው እርሳስ፦
«እኔም ሁለተኛ ለ ነበርኩ፣ እዚሁ ሕንጻ። መጋቢት ላይ አቋረጥኩ።
መስኮቱ ያኔም ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ስም የለውም። ክፍሉ ዝም። ኢሊር እርሳስ ለመነ፤
ከሥሩ ጻፈ፤ አሳለፈ፤ ደብተሩ በየዴስኩ ዞሮ ተከደነ።
ስከፍተው ሃያ ሦስት እጅ፣ ቀጥ ያለ፣ ጠማማ፣ ከመስመር የወጣ፣
ያችው አንዲት ቃል። እኔም ጨመርኩ፣ ሃያ አራተኛ፣ ከሁሉ ዘግይቶ የመጣ።

ደብተሩን ከመስኮቱ አንስተን ባልዲ መግፊያ ጋሪዋ ላይ ተውነው።
ዛሬ ሐሙስ ነው።
ደብተሩ ከጋሪው የለም፤ እርሳሴም አብሮ ጠፍቷል፤
ኮሪደሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይወለወል አድሯል።